መርዶ በወረቀት አይነገርም

የቤተ ክርስቲያናችንን የዜና ወረቀት የመጀመሪያ እትም ያዘጋጀሁት ቢሮ ተቀምጬ ነው። ስድስት ቦታ ስልክ ደወልኩ። ሦስት ሪፖርት አነበብኩ። አራቱ ገጽ ሞላ። ሥራው ይህን ያህል ቀላል መስሎኝ ነበር።

በምዕራብ ወለጋ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ ጠሩኝና የአካባቢያችንን ማኅበረ ምዕመናንና ትምህርት ቤቶች ዜና በየሦስት ወሩ እንዳዘጋጅ ጠየቁኝ። ዋናው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ደግሞ በአማርኛ እናዘጋጃለን። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ይታደላል። ዓይናቸው ለደከመ አንድ ወጣት ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

የመጀመሪያው እትም ሲነበብ እኔም እዚያው ነበርኩ። ገጹን የሞላው የስብሰባ ዜና ነው። እንግዳው መልእክት አስተላለፉ፣ ሰብሳቢው አመሰገኑ፣ ጉባኤው በጸሎት ተዘጋ። አንድ አዛውንት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል። የኛ ዜና ግን የታለ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እሳቸው ግን በዚያው ስለ ብሥራተ ወንጌል አወሩኝ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ብሥራተ ወንጌል ሲባል ሰፈሩ ነው የሚታየው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ጣቢያው ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አቋቁሞት፣ ደርግ በመጋቢት 1969 እስከወረሰው ድረስ ለብዙ አገሮች ያሰራጭ ነበር። በእሳቸው መንደር ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ሰው ማታ ማታ እዚያ እየተሰበሰበ ይሰማ ነበር። «ሩቅ አገር ስላለው ሰማን። እዚሁ ነጆ ስላለው ወንድማችን ግን ገበያ ወጥተን መጠየቅ ነበረብን» አሉኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ መጻፍ ተውኩ።

መሄድ ጀመርኩ። አንዳንዴ በሞተር፣ አንዳንዴ በአይሱዙ ጋቢና፣ ክረምት ላይ ደግሞ በእግር። ስሄድ መጀመሪያ የገባኝ ጥያቄዬ ስህተት መሆኑ ነው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ካልክ መልሱ የትም ቦታ አንድ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው» ይሉሃል። ደህና ያልሆነውም እንደዚያው ነው የሚልህ። ስለዚህ ጥያቄውን ቆራረጥኩት። ከፋሲካ ወዲህ ማን ተጠመቀ? ማን ተዳረ? ማን ታሞ ተኛ? አስተማሪ ያጣው የትኛው ክፍል ነው? ዝናብ ሲመጣ ጣራው የቱ ጋ ያፈሳል? እንዲህ ስትጠይቅ ሰው ይነቃል። እጅህን ይዞ ያሳይሃል።

ማንን እንደምጠይቅም ተማርኩ። ቄሱንና ርዕሰ መምህሩን ማነጋገር ግድ ነው፣ አክብሮትም ነው። ግን እነሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ዘበኛውን አወራለሁ። ዘበኛ ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ የትኛው ልጅ መቅረት እንዳበዛ፣ የትኛው አስተማሪ ማታ እንደሚያስጠና ያውቃል። ከአምልኮ በኋላ ቡና የሚያፈሉ እናቶችም እንዲሁ። ወንዶቹ ስለ በጀት ሲነግሩኝ እነሱ ስለ ሰው ይነግሩኛል።

አንድ እሁድ ለመከር ምስጋና ሄድኩ። ሰው ካለው አምጥቷል። በቆሎ፣ ቡና፣ ማር፣ አንድ ጥቁር ዶሮ። ከአምልኮ በኋላ ጨረታ ተጀመረ። ዶሮዋን የገዛት ሰው ከፍሎ መልሶ ለጨረታ ሰጣት። ሁለተኛውም እንደዚያው አደረገ። ሦስተኛውም። ሰባት ጊዜ ተሸጠች። እግሯ በቃጫ ታስሮ ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ አንዴም አልጮኸችም። በመጨረሻ የገዟት እናት ለመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ ሰጧት። ደመወዟ ሁለት ወር ዘግይቶባት እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አልተናገረም። ገንዘቡ ለአንደኛ ክፍል ዴስክ ታስቦ ነበር። በማግስቱ ክፍሉን ሄጄ አየሁት። ለሦስት ልጅ በተሠራ ዴስክ አምስት ልጅ ተቀምጧል። ጫፍ ላይ ያለችው ልጅ ስትጽፍ አንድ እግሯን መሬት ላይ አስደግፋ ነው፣ እንዳትወድቅ። ዜናው ይህ ነበር። አንደኛ ገጽ ላይ ወጣ። በወሩ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደውሎ «የዚያች ልጅ ዴስክ ስንት ነው?» አለኝ። የጠቅላላ ጉባኤ ንግግር አትሜ እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎልኝ አያውቅም።

«የቤተ ክርስቲያን ዜና ሌላ፣ የትምህርት ቤት ዜና ሌላ» የሚሉኝ አልጠፉም። በእኛ አገር ሁለቱን መለየት ይከብደኛል። ሉተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት ትምህርት ቤት ክፈቱ ብሎ ጽፏል። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ወንጌላዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1898 ወለጋ ቦጂ ሲደርሱ ወንጌሉና ፊደሉ አብረው ነው የገቡት። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ምፅዋ ላይ ነፃ የወጡ ሰው ናቸው። ከሥራ ባልደረባቸው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899። ልብ በሉ፣ ማንበቢያው ቀደመ። አናሲሞስ ወለጋ እ.ኤ.አ. በ1904 ሲመለሱም ነቀምቴ ላይ ይሰብኩም ያስተምሩም ነበር። ስለዚህ የአንደኛ ክፍል ዴስክ ከስብከት ዜና ጎን ቢታተም ለእኔ ቦታው ነው።

ከባዱ የፈተና ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በአገር ደረጃ ግማሽ ያመጣው ከመቶ ሦስት ያህል ተማሪ ነበር። በዓመቱም ብዙ ለውጥ አልነበረውም። የአንድ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ «ስንት እንዳለፈ አትጻፍ፣ ወላጅ ልጁን ያስወጣል» አሉኝ። ተረዳኋቸው። ግን ወላጅ ያውቀዋል እኮ። ልጁ ቤቱ ተቀምጦ እያየው እንዴት አያውቅም? ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ስንት እንደተፈተነ፣ ስንት እንዳለፈ ጻፍን። ከሥሩ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ ምን እንደጎደለው ጨመርን። የሂሳብ አስተማሪ ለአንድ መንፈቅ አልነበረም። ይህን ያነበበ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ በክረምት መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሂሳብ አስጠና። ልጁን ያስወጣም የተወሰነ ወላጅ አለ፣ አልደብቅም። ዛሬም ቢሆን ቁጥሩን ጠርቼ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ስለሱ ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ ትክክል አይሆንም።

በአንድ ማኅበረ ምዕመናን ለብዙ ዓመት ያገለገሉ ወንጌላዊ አረፉ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። እትሙ ሊታተም ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር በጥሩ አማርኛ አሥር መስመር ጻፍኩ። የትውልድ ቦታቸውን፣ የከፈቱትን የመንደር ትምህርት ቤት፣ የልጆቻቸውን ቁጥር። ዜናው ትኩስ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። የአማርኛውን ቅጂ ፎቶ አንስተን አዲስ አበባ ላሉት በስልክ ላክን።

ሐሙስ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው። ከኋላ የታክሲ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ ይጣራል። «ጋሼ፣ አባቴ ሞቷል እንዴ?» አለችኝ።

ቤተሰቡ መርዶውን ሊያረዳት ለቅዳሜ ንጋት ቀጥሮ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚያውቋት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ታክለው፣ ጎረቤት ተነግሮ። ብቻዋን እንዳትሆን፣ የሚይዛት ሰው እንዲኖር። እኛ አገር ሞት እንዲህ ነው የሚነገረው፣ ይህን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ፣ በማያውቋት ሰዎች መሐል አረዳኋት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?» እያልኩ መደጋገሜን ብቻ ነው የማስታውሰው። አንዲት ተሳፋሪ ስልኩን ተቀብላ፣ «እኔ ቤቷ አደርሳታለሁ» አለችኝ። የዚያችን ሴት ስም እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሽማግሌ ይዤ ቤተሰቡ ቤት ሄድኩ። ተቆጡኝ፣ ሰማሁ። ከዚያ አብረን ጸለይን። ከዚያ ወዲህ የሞት ዜና የሚገባው ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ሁሉም ሰምቷል» ብሎ ራሱ ሲነግረኝ ብቻ ነው። አንዱ ወንድም ውጭ አገር ከሆነና ገና ካልሰማ ዜናው ለሦስት ወር ያድራል። ይደር። የሟች ዜና አይሻግትም።

ሌላም ሰው አሳዝኛለሁ። የትምህርት ቤት ክፍያ ስለተሸፈነላት ጎበዝ ተማሪ ጻፍኩ። ለጋሾቹን ለማመስገን ብዬ ስሟን ከነአባቷ አወጣሁ። ከሁለት እሁድ በኋላ ከመዘምራኑ መካከል አጣኋት። እናቷ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። «ልጄ ጎበዝ ናት ብለሃል፣ እውነት ነው። ድሃ ናት ያልከውን ግን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። አሁን ዕርዳታ ስጽፍ የተረጂ ስም የለም። ጎበዝ ተማሪ ስጽፍ ደግሞ ጉብዝናው ብቻ ነው የሚጻፈው። ልጅቷን ለመመለስ ይቅርታዬ ብቻውን አልበቃም፣ የመዘምራኑ መሪ ሦስት ጊዜ ቤቷ ሄዳለች።

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ወረቀቱ ሌላ ነገር ሆነ። ሰው «በሕይወት አለን» ለማለት ፈለገው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ቅጂ በቦርሳው ይዞ ይሄዳል፣ ሲመለስ መልስ ይዞ ይመጣል። አምድ ከፍተን ስምና ቦታ ብቻ አሰፈርን። እገሌ ደህና ነው፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፣ እገሊት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ከሠራሁት ሁሉ ያቺ እትም ሰው እጅ ላይ እስክትበጣጠስ ድረስ ተነብባለች።

«የኛ ዜና የታለ?» ያሉኝ አዛውንት በኋላ ቤታቸው ጠሩኝ። ከሳጥን ውስጥ ጠርዙን ምስጥ የበላው ደብተር አወጡ። በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ተዘግተው ነበር። የቦጂው ልጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው የተገደሉት በዚያ ዘመን ነው። አስከሬናቸው እንኳ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ልጁን በየቤቱ ያስጠምቅ ነበር፣ መዝገብ ግን አልነበረም። አዛውንቱ በእርሳስ ይመዘግቡ ነበር። የሕፃኑ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀኑ። ደብተሩ ላይ «ማኅበረ ምዕመናን» የሚል ቃል የትም የለም። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «የበግ ሒሳብ» ነው።

አሁን በየእትሙ ከዚያ ደብተር አሥራ ሁለት ስም እናወጣለን፣ ቤተሰብ ስናገኝ አስፈቅደን። ባለፈው እሁድ አንድ ጠና ያለ ሰው ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጣቱን ሦስተኛው መስመር ላይ አድርጎ «ይህ እኔ ነኝ» አለኝ። ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል መሳሳቱን አሳየኝ። ደብተሩን አውጥተን አየነው። አዛውንቱ በትክክል ጽፈውታል፣ የተሳሳትኩት እኔ ስገለብጥ ነው። በሚቀጥለው እትም አንደኛ ገጽ ላይ ይታረማል።