ልጆቹን ዳኛ አድርጌ ሳስቀምጣቸው

ቫዮሊን አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የምንማረውም ሳሎኔ ውስጥ ነው። ሲጀምሩ ሁሉም ይጓጓሉ። ችግሩ የሚመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ጣታቸው ይቀድማል፣ ጆሯቸው ወደኋላ ይቀራል። ከቅኝት ወጥተው ተጫውተው ሲያበቁ «እሺ ቲቸር፣ ቀጥሎስ?» ይሉኛል። የራሳቸውን ድምፅ አልሰሙትም ማለት ነው።

«ስሙ እንጂ!» ማለት ሰለቸኝ። ልጅ ስማ ስላሉት አይሰማም፤ የሚፈርደው ነገር ሲሰጡት ግን ጆሮው ይቆማል። እናም ዳኛ አደረግኳቸው።

በቪዲዮ እያዩ እንዲፈርዱበት የመረጥኩት የወጣት ሙዚቀኞች ዩሮቪዥንን ነው። ዩሮቪዥን ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ያ ብልጭልጩ የዘፈን ውድድር ነው። ይሄኛው ክላሲካል ሙዚቃ ነው፣ ብዙም ጫጫታ የለውም። በ1982 ማንቸስተር ላይ በ6 አገሮች ተጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሁለት ዓመት አንዴ ይካሄዳል። አገሮቹ በቴሌቪዥን ጣቢያቸው በኩል አንድ አንድ ወጣት ይልካሉ። ለፍጻሜ የደረሰው ልጅ ከሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ፣ በቴሌቪዥን እየታየ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጫወታል። የተመልካች ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ የሚወስኑት ባለሙያ ዳኞች ናቸው።

ከሌሎቹ ትልልቅ ውድድሮች ይሄን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። የዋርሶው የሾፐን ውድድር ለምሳሌ ፒያኖ ብቻ ነው፤ ሳምንታትም ይፈጃል። የአሥር ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ተቀምጦ አይሰማም። እዚህ ግን ቫዮሊን ሲያበቃ ክላርኔት ይመጣል፣ ከዚያ ፒያኖ፣ ከዚያ ቼሎ። ደግሞ ተወዳዳሪው እኩያቸው ነው፤ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሽበታም ፈረንጅ ሲጫወት «እሱማ ዕድሜ ልኩን ሲለማመድ ኖሯል» ይላሉ። በ1996 ሊዝበን ላይ ያሸነፈችው ጀርመናዊቷ ቫዮሊኒስት ዩሊያ ፊሸር በ1983 ነው የተወለደችው ስላቸው ግን ሂሳቡን ራሳቸው ሠሩት። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ የተነፈሰ የለም።

ለትንንሾቹ የሞስኮውን «ሽቼልኩንቺክ» አሳያለሁ። ኩልቱራ የሚባለው የሩሲያ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከ2000 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የልጆች ውድድር ነው። እዚያ ከመሣሪያው ብዙም የማይበልጥ ልጅ ወጥቶ ጉድ ይሠራል። እሱን ግን በልክ ነው የማሳየው። አንዳንዱን ልጅ ያነሳሳዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ «እኔ በቃ ረፍዶብኛል» ያሰኘዋል። በዘጠኝ ዓመቱ!

አሠራሬ እንዲህ ነው። ቪዲዮዎቹን በሌሊት ፓኬጅ አወርዳለሁ፤ መሃል ላይ እየቆመ የሚጫን ቪዲዮ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ልጆቹ ሲመጡ ቴሌቪዥኑ ላይ ጋቢ አለብሳለሁ። ማን እንደሚጫወት፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከየት አገር እንደመጣ አልነግራቸውም። በድምፅ ብቻ ሰምተው ወረቀታቸው ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ጋቢው ይነሳና ያንኑ እንደገና እናያለን። እንደገና ይጽፋሉ።

ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዓይነት ሆነው አያውቁም ማለት ይቻላል። ፊቱን እያኮሳተረ፣ ፀጉሩን እየበተነ የሚጫወት ሰው ጋቢው ሲነሳ ነጥቡ ያድጋል። ቀጥ ብላ ቆማ በእርጋታ የምትጫወት ልጅ ነጥቧ ይወርዳል። ድምፁ ያው ነው።

ይሄ የኛ ልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቺያ-ጁንግ ሳይ የምትባል ራሷም ፒያኒስት የሆነች ተመራማሪ በ2013 ያወጣችው ጥናት አለ። ለሰዎች የእውነተኛ ውድድሮችን ቅንጭብ ሰጥታ አሸናፊውን ገምቱ አለቻቸው። የተሻለ የገመቱት ድምፅ የሰሙት አልነበሩም፤ ድምፁ የጠፋበትን ምስል ብቻ ያዩት ናቸው። የሙዚቃ ባለሙያዎቹም ከዚህ አላመለጡም። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ ዳኞቹም ጋቢ ይልበሱ» አለች።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ድምፁ ንጹሕ ነው? ምቱን ጠብቋል? ከኦርኬስትራው ጋር እየተሰማማ ነው ወይስ ብቻውን እየሮጠ? አራተኛው ደግሞ፣ የቱ ቦታ ላይ ነው ልብህን የያዘው? አንድ ሕግ ብቻ አለችን፤ «ደስ ይላል» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ደስ ካለህ የቱ ጋ እንደሆነ ትናገራለህ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ወረቀት ነበር የሚመልሱልኝ። እየቆየ «እዚህ ጋ ዋሽንቷ ስትገባ እሱ ድምፁን ቀነሰላት» የሚል ነገር መጣ። የጻፈው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ያን ቀን ሻይ በራሴ ወጪ፣ በብስኩት።

በጣም የሠራንበት የ2018ቱ የኤዲንብራ ፍጻሜ ነው። ከ18 አገሮች 6 ልጆች ለፍጻሜ ደርሰው አሸር ሆል በሚባለው አዳራሽ ከቢቢሲ ስኮትላንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወቱ። አሸናፊው የ16 ዓመቱ ሩሲያዊ ፒያኒስት ኢቫን ቤሶኖቭ ነው፤ የተጫወተው የቻይኮቭስኪን አንደኛ የፒያኖ ኮንሰርቶ (አንድ ፒያኒስት ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ድርሰት) ሦስተኛ ክፍል። ይህ ክፍል ለማስተማር የተመቸ ነው። ኦርኬስትራው ትንሽ ይጀምርና ፒያኖው ዘሎ ይገባል። ዜማው ከዩክሬን የሕዝብ ዘፈን የተወሰደ ነው። በሦስት በሦስት እየቆጠራችሁ አጨብጭቡ አልኳቸው። ጭብጨባው ሁለት መስመር ሳይሄድ ተበተነ፤ ክብደቱ ሁሌ አንደኛው ምት ላይ አይወድቅማ። እስክስታ የሚያውቁት ልጆች ቀድመው ያዙት። በትከሻቸው ነበር የቆጠሩት።

አንዱን ቦታ ደጋግመን አየነው። ተወዳዳሪው መጫወት ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች። እጁን ሱሪው ላይ የሚጠርግ አለ። ሙዚቃ መሪውን ቀና ብሎ አይቶ የሚተነፍስ አለ። ቫዮሊኒስቶቹ ቀስ ብለው ክራቸውን ይፈትሻሉ፤ የሚቸኩል የለም። የኔዎቹ ደግሞ ደጋናቸውን ገና ሳያስቀምጡ ይጀምሩ ነበር። ስለዚህ ልምምዳችን ውስጥ አገባሁት፤ ከበሩ ገብቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ክር ፈትሾ፣ ተንፍሶ መጀመር። በዚህ የተነሳ የመጀመሪያው መስመር ብቻውን ብዙ ተሻሻለ።

የ2016ቱ ፍጻሜ ጭቅጭቅ አመጣብኝ። ኮሎኝ ውስጥ ከትልቁ ካቴድራል አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ነው የተካሄደው። ያሸነፈው ፖላንዳዊው ዉካሽ ዲችኮ ሲሆን መሣሪያው ሳክስፎን ነው። ቫዮሊኒስቶቼ ተቆጡ። «ሳክስፎን ክላሲካል ነው እንዴ?» ለእነሱ ሳክስፎን ማለት የጌታቸው መኩሪያ ሽለላ ነው፤ ወላጆቻቸው ቤት የሚሰሙት እሱን ነዋ። አዶልፍ ሳክስ የሚባለው ቤልጅየማዊ መሣሪያውን በ1846 ሲያስመዘግብ ጃዝ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ነገርኳቸው። አንዱ ግን እስከዛሬ አላመነም። ይሁን፣ ከነምክንያቱ ነው የሚከራከረው።

ከዚያ የራሳችንን አደረግን። ዳኝነቱን ሲለምዱ ራሳቸው ናቸው «እኛስ?» ያሉት። ስልክ ሦስት እግር ላይ ተከልኩ፣ ወንበር ደረደርኩ፣ ወላጆች ጠራሁ። ሕጉ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲሳሳቱ «እንደገና ላድርገው» የለም። የቀጥታ ስርጭት ነው አልናቸው።

እዚህ ጋ የተማርኳቸው ነገሮች ለሚሞክር ሰው ይጠቅማሉ። ስልክ ብልጥ ነኝ ባይ ነው። ቀስ ያለውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ጮክ ያለውን ይጨፈልቃል። ልጁ ተጨንቆ የሠራው ልዩነት ሁሉ በቪዲዮው ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል። የድምፅ መጠኑን በራሱ እንዳያስተካክል የሚከለክል የመቅጃ አፕ ካገኛችሁ ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ ሁለት ሦስት ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡት፤ አፍንጫው ሥር አትደቅኑት። ቫዮሊኒስት ቀኝ ጎኑን ለታዳሚው ሰጥቶ ይቁም፤ ድምፅ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ወደ ሰው እንዲያዩ። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ቅዱ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከፍጻሜው ኦርኬስትራ ይበልጣል። ባዶ ሳሎን ያስተጋባል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስሰቅል ነገሩ ተስተካከለ።

ካሜራው ራሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። እኔ ፊት ያለምንም ችግር የሚጫወት ልጅ ያቺ ቀይ ነጥብ ስትበራ ደጋኑ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ካሜራውን ማላመድ ነው። አሁን በተራ ትምህርት ቀንም ስልኩ ተተክሎ ይውላል፤ ይቅረጽ አይቅረጽ አይነገራቸውም። እየቆየ የሚያየው ጠፋ።

ደረጃ የመስጠቱ ነገር ከወላጆች ጋር ትንሽ አነጋገረን። እኔ ሁሉም የምስክር ወረቀት ይውሰድና እንለያይ ብዬ ነበር። አንድ አባት ግን «ጋሼ፣ ውድድር ካላችሁ አንደኛ ይኑራ! ልጁ እንደሆነ ማን እንደበለጠው ያውቃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጆች በዚህ አይሸወዱም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለን ሰጠን፤ ዳኞቹም ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ፣ ከነምክንያቱ። ሁለተኛ ወጥታ ላለቀሰችው ስለ ሌይፍ ኡቨ አንድስኔስ ነገርኳት። ኖርዌጂያዊው ፒያኒስት በዚሁ የወጣት ሙዚቀኞች ዩሮቪዥን በ1988 አምስተርዳም ላይ ሁለተኛ ነው የወጣው፤ አንደኛ የወጣው ኦስትሪያን ወክሎ የቀረበው ቫዮሊኒስት ጁሊያን ራክሊን ነው። ዛሬ አንድስኔስ በዓለም ላይ ከታወቁት ፒያኒስቶች አንዱ ነው። ልጅቷ ዕንባዋን ጠርጋ «ግን ሁለተኛ ነው አይደል?» አለችኝ። ምን ይባላል!

«የኛ ልጆችስ እዚያ መግባት ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ከኢትዮጵያ አይቻልም። ውድድሩ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባል ጣቢያዎች ነው፤ የኛ አገር ጣቢያዎች አባል አይደሉም። አውሮፓ ላደጉ የሐበሻ ልጆች ግን በሩ ዝግ አይደለም፤ የሚኖሩበት አገር ጣቢያ ከተሳተፈ እንደማንኛውም ልጅ መሞከር ይችላሉ። እንግሊዝ ያሉ ዘመዶቻችን የአገሩን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር፣ የቢቢሲ ያንግ ሚዩዚሺያንን፣ ያውቁታል፤ ቼሊስቱ ሼኩ ካነ-ሜሰን በ2016 ሲያሸንፍ በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አሸናፊ ሆኗል። ፍጻሜው ላይ የሾስታኮቪችን አንደኛ የቼሎ ኮንሰርቶ ተጫወተ። እሱን ካሳየኋቸው ወዲህ ቼሎ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ቼሎ ከየት ላምጣ?

በቪዲዮ ብቻ ተወዳደሩ የሚሉ የኢንተርኔት ውድድሮችም ሞልተዋል። ደህና ደህናዎቹ እንዳሉ ሆነው፣ የመመዝገቢያ ብር በዶላር አስከፍለው ለተመዘገበ ሁሉ «አንደኛ» የሚያድሉም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ በስም ተጽፎ እንደሆነ፣ ያለፉት ዓመታት አሸናፊዎች ሲጫወቱ የሚታይበት ቦታ እንዳለ እዩ። አንደኛ የወጡት ከተወዳደሩት ጋር እኩል ከሆኑ ዝለሉት።

ቤታችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ በፒያኖ ጀምሩ እንጂ በቫዮሊን አትጀምሩ። ተማሪዎቻችሁ ቫዮሊን የሚማሩ ከሆነ ጣትና ደጋን ሲያዩ ነው የሚውሉት፤ ሙዚቃውን አይሰሙም። ከዚያ የንፋስ መሣሪያ አምጡ። በወጣት ሙዚቀኞች ዩሮቪዥን በ2008 በክላርኔት፣ በ2010 በዋሽንት ያሸነፉ አሉ። ቫዮሊኑን መጨረሻ ላይ። አንድ ቀን ላይ ከሁለት ተወዳዳሪ በላይ አታሳዩ፤ ሦስተኛው ላይ ወረቀታቸው ላይ መኪና መሣል ይጀምራሉ።