ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያለው ሰውዬ

ቤሩት ዶራ ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ እሁድ ሲሰበሰቡ ቮይስ ይልኩልኛል። አንዷ «ሰውየው ከጠፋ ፍቺው ምኑ ይከብዳል፣ ማን ይከራከርሻል?» ብላ ስትንከተከት እኔ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጀሪካን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ውሃው እንደምታውቁት ነው። እስቲ ልንገራችሁ።

ባሌ ደቡብ አፍሪካ ብሎ በሞያሌ ወጣ፣ ማላዊ ገባሁ ብሎ ደወለ፣ ከዛ ስልኩ ዝም። እኔ ቤሩት የሰው ቤት እየጠረግኩ የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ዕዳ እገፋ ነበር። ቤቱን ልሽጠው ስል ደላላውም ጠበቃውም «የባልሽ ፊርማስ?» አሉኝ። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግሌ ነው ብለሽ ካላስረዳሽ የጋራ ነው፣ ቤት ደሞ ያለሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ላቡ የኔ፣ ፊርማው የሱ!

ጠበቃው እንዳለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፣ እሱም ትዳሩን ያፈርሰዋል። አማቴ ይህን ስትሰማ «ልጄን በወረቀት ልትቀብሪው ነው?» ብላ ደረቷን ደቃች። እኔም ሞቷል ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ ፍቺ ጠየቅኩ።

መጥሪያው በመጨረሻ አድራሻው ተላከ፣ የለም ተባለ፣ ከዛ አዲስ ዘመን ላይ ጥሪ ወጣ። ጋዜጣ ማን ያነባል ብዬ ነበር፣ ለካ ጨረታ የሚፈልግ ጎረቤት አለን፣ ፎቶ አንስቶ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ቡና ላይ ያላዘነልኝ የለም፣ ማዘኑስ ባልከፋ፣ ሁሉም ግን «የት አየሽው መጨረሻ?» እያለ መርማሪ ሆነብኝ።

የቀጠሮው ቀን ጠሪው የችሎቱ በር ላይ ቆሞ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብሎ ጠራው። ዝም። ደግሞ ሲጠራ ከኮሪደሩ ጥግ አንድ ወንድ «አቤት!» አለ። ጉልበቴ ከዳኝ። ዞር ስል ወፈር ያለ፣ ፋይል የታቀፈ ሰውዬ እየተጣደፈ ይመጣል፣ በቤት ኪራይ ጉዳይ የመጣ ሞክሼ፣ የአባት ስም ሳይቀር ገጥሞ። «ሚስትህ ልትፈታህ ነው» ሲሉት ደነገጠ፣ ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። እኔን ግን ሳቁ አይደለም ያቃጠለኝ፣ «አቤት» ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። ልፈታው መጥቼ በመምጣቱ ደስ ይለኛል? እስካሁን ይበላኛል።

ከዛ ዳኛዋ ለመታረቅ አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀች፣ ሕጉ እርቅ ይሞከር ስለሚል ነው። ከማን ጋር ነው የምታረቀው እቴ!

የቤሩቷ አሠሪዬ ማዳሜ ደሞ በስልክ «እናንተ ጋ መንግሥት ነው የሚያፋታው?» ብላ ተገረመች። እነሱ አገር ጋብቻውም ፍቺውም በየሃይማኖቱ ነው፣ ልጇ እንኳ ሌላ እምነት ያለው ወዳ ለመጋባት ቆጵሮስ ድረስ በርራለች። በኛ ጉድ ትስቃለች እንግዲህ።

ልትወጡ ያሰባችሁ፣ በተለይ ባልና ሚስት ለየብቻ የምትበታተኑ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ውክልና ተሰጣጡ። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፣ መሸጥ መለወጥ የሚለው በግልጽ ይጻፍበት። «ልትከጂኝ ነው?» ካለ ይበል፣ አኩርፎ ይፈርም። ብር የላካችሁበትን ደረሰኝም እንዳትጥሉ፣ እኔ ግማሹን ለኤጀንት እያመንኩ በእጅ ስለላክሁ ማስረጃ የለኝም፣ ኤጀንቱም ዛሬ አያውቀኝም።

ፍቺው በሌለበት ተወሰነ። የንብረት ክፍፍሉ ግን ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀጠሮ ነው። እስከዛ የባንኩን የየወሩን የሱንም ግማሽ ጨምሬ የምከፍለው እኔው ነኝ፣ ለዚሁም ብዬ ወደ ማዳም ልመለስ ነው።