የተቀመጡበትን ሰዓት መቁጠር

ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሀል አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ማታ ሲገባ ደክሞት ነው። ድካሙ ግን ተንቀሳቅሷል ማለት አይደለም፤ ቀኑን የጨረሰው ቁጭ ብሎ ነው። የተቀመጡበት ሰዓት ሲለካ ቁጭ ማለት የሚባለው ነቅተን ሳለ ተቀምጠን ወይም ጋደም ብለን የምናሳልፈው፣ የጉልበት ወጪው ከ1.5 ሜት (MET፤ 1 ሜት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚያወጣው ጉልበት ነው) የማይበልጥ ጊዜ ነው። እንቅልፍ አይገባም። የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆምም አይገባም።

«በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ?» ሲባል ሰው የቢሮውን ያስብና የመንገዱን ይረሳል። ስለዚህ የትናንቱን ቀን ቆራርጦ መጻፍ ይሻላል፦ ሚኒባስ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት፣ ቢሮ 7፣ ምግብ 1፣ ማታ ቴሌቪዥንና ስልክ 2። ድምሩ 13 ነው። እሑድ ለብቻው ይጻፍ።

የዓለም ጤና ድርጅት የሰውነት እንቅስቃሴ መጠይቅ 16 ጥያቄዎች አሉት፤ ሥራን፣ ጉዞንና መዝናኛን ለየብቻ ይጠይቃል። መካከለኛ እንቅስቃሴ የፈጀው ደቂቃ በ4፣ ከባዱ በ8 ይባዛል፤ የሳምንቱ ድምር ከ600 በታች ከሆነ እንቅስቃሴው አነስተኛ ነው። ያው ሰውዬ ታክሲ ለመያዝና ከወረደ በኋላ ጧት 20፣ ማታ 20 ደቂቃ በእግሩ ቢሄድ፣ 40 በ5 ቀን በ4 ሲባዛ 800 ይሆናል። አለፈ! 13 ሰዓቱም ግን እዚያው አለ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ካልተጻፉ ውጤቱ ያሳስታል።

የቤት እመቤቶች ደግሞ በተቃራኒው እንቅስቃሴያቸው ሳይቆጠር ይቀራል። «ሥራ የለኝም» ብለው የመጠይቁን የሥራ ክፍል ይዘልሉታል፤ መጠይቁ ግን የቤት ውስጥ ሥራንም ሥራ ይለዋል። ውኃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ማውጣት ከባድ እንቅስቃሴ ነው። ችግሩ መጠይቁ ቢያንስ 10 ደቂቃ የቀጠለውን ብቻ መጠየቁ ነው። አንድ ምልልስ አይሞላም፤ ተከታታይ ምልልሶችን አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

መሣሪያም ይስታል። እርምጃ የሚቆጥረው የእጅ አምባር የሚያየው የእጅን መወዛወዝ ስለሆነ ጀሪካን የያዘ እጅ እርምጃውን ያስቀርበታል። ቻርጅ ላይ የቀረ ስልክ ምንም አይቆጥርም። ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ታክሲ ደግሞ ያልተራመዱትን ሊጨምር ይችላል፤ ሲሳፈሩና ሲወርዱ ቁጥሩን አይቶ ልዩነቱን መቀነስ ነው። (በቀን ይራመዱ የሚባለው 10,000 እርምጃም በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ እርምጃ ቆጣሪ ስም የመጣ እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አልነበረም።) ወገብ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ዝም ብሎ የቆመን ከተቀመጠ አይለይም፤ ጭን ላይ የሚለጠፈው በጭኑ አቅጣጫ ይለያል።

ለመለካት 7 ተከታታይ ቀን ይበቃል። የፋሲካን ወይም የእንቁጣጣሽን ሳምንት አትምረጡ፤ የዘወትሩን ኑሮ አያሳይም።