እቴቴን ስንሸኛት

እቴቴ መገነዣዋን ራሷ ናት የፈተለችው። ጥጡን ከቅዳሜ ገበያ ገዝታ፣ ፍሬውን ለቅማ፣ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች። ሸማኔው ሠርቶ ሲያመጣላት ጫፉን በጣቷ አሸት አድርጋ "ሳስቷል" አለችና ዋጋ አስቀነሰችው። መቃብር ለሚገባ ጨርቅ የምትከራከር ሴት ከእሷ ሌላ አላየሁም። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ከሳጥኗ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። እኛ ልጆቹ ስናየው ይጨንቀናል። "ምኑ ያስፈራል? ልብስ አይደል እንዴ!" ትለናለች።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አልወለደችም፤ እኛን ግን አሳድጋናለች፤ ያውም በጠላ። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ስታጥነው ሰፈሩ ሁሉ ምን እንደተጠነሰሰ ያውቃል። ለወጪ ወራጁ ዱቤ ትሰጣለች። ደብተር የላትም፤ ሒሳቡ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው።

ወር በገባ በሰባት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዛኝ ትሄዳለች። ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን መላእክት እያሳየች "ከነዚህ አንዱ አንቺን ብቻ ነው የሚያየው፤ አርፈሽ ቁሚ" ትለኛለች። የራሴን መልአክ ስፈልግ ቅዳሴው ያልቃል። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ሥላሴን ንብ አዳነው የሚባለውንማ ስታወራ ቆማ ያየች ነው የምትመስለው። "በዚህ በኩል ነው የወጡት!" ብላ በእጇ ታሳያለች።

ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘነው በጥምቀት ነው። አልጋ ይዛ ነበር። ከፋሲል መዋኛ ጠበል በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቼላት መጣሁ። ፊቷ ላይ ረጨት ሳደርግባት "ቀስ በይ! በብርድ ልትገድይኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ የሳጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ለአባትሽ እንዳትሰጪው። ይጥለዋል።"

ጉልበቷን ስሜ ተነሣሁ። ወጥቼ እስክጨርስ ምርቃቷን አላቋረጠችም።

ግንቦት ላይ ተደወለልኝ። አዘዞ ኤርፖርት ወርጄ ቤት ስደርስ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መገነዣው በአሪቲ መሐል ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ በመሐረብ የተቋጠረ ብር አለ። ለካ "ለፍታቴ ከማንም እንዳትለምኑ" ብላ ለጎረቤቷ ነግራ ኖሯል። እኛ ምን ቀረልን? ማልቀስ ብቻ።

በአርባዋ ደንበኞቿ ዱቤያቸውን ሊከፍሉ መጡ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ብንፈልግስ በምን እናውቃለን? አንዱ ሽማግሌ ኮታቸውን እየዳበሱ "አራት ጣሳ አለብኝ" አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ጓደኛቸው ቀበል አድርገው፣

"ኧረ ሥላሴን ፍራ! ስድስት ነው። ስትቆጥርብህ እኔም ነበርኩ።"

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። አባቴ የስድስቱን ተቀበለ።