ቅጠሉን ገልብጠው አይተውታል?

የካቲት መጨረሻ ላይ አጎቴ ከመቂ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ቲማቲሜ ነደደ» አሉኝ። «ሦስቴ መድኃኒት ረጨሁ፤ በረጨሁ ቁጥር ይብስበታል።» ምን እንደረጩ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና «ባለሱቁ የሰጠኝን ነዋ!» አሉ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዝዋይ (አሁን ስሟ ባቱ ነው፣ አፌ አልለምድ ብሎ ነው) አንድ የጽጌረዳ እርሻ ውስጥ አራት ዓመት ስካውት ነበርኩ። ስካውት ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ግሪንሃውስ ውስጥ በመደቦቹ መሐል እየዞረ ተባይና በሽታ የሚፈልግ ሠራተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ደመወዜ የሚከፈለኝ ቅጠል ለመገልበጥ ነበር።

እሁድ ሄድኩ። የአጎቴ ማሳ ከፒስታ መንገዱ ዳር ነው፤ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር አቧራው ቲማቲሙ ላይ ይቀመጣል። ከመንገዱ በኩል ያሉት ስድስት መስመሮች ነሐስ መስለዋል፣ መሐሉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል። አጎቴ «ዋግ ነው» ብለው ደምድመዋል።

«ቅጠሉን ገልብጠው አይተውታል?»

«ጀርባው ላይ ደግሞ ምን አለ?»

አሥር እጥፍ የምታጎላ ሌንሴን ሰጠኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቅጠሉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቆዩ፣ ቆዩና «ኧረ በስመ አብ! ይሄ ሁሉ ነፍስ!» አሉ።

ማይት ነው። ቀይ ሸረሪት የሚሉትም አሉ፣ ግን እኛ ያየነው ቀይ አልነበረም፤ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ሆኖ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ነው። ትልቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እንቁላሉ ክብ፣ ጥርት ያለ፣ የጤዛ ጠብታ የሚመስል ነገር ነው። ቅጠሉን ወጋ እያደረገ ይመጠዋል፣ ነጠብጣቡ የዚያ ጠባሳ ነው። ሲበዛ ድር ያደራል፤ ድሩን በዓይን ካዩት ግን በጣም ዘግይተዋል ማለት ነው።

አጎቴን ያናደዳቸው ቀጥሎ የነገርኳቸው ነው። ማይት ስምንት እግር አለው፤ ዘመዶቹ ሸረሪትና መዥገር እንጂ ትልና ዝንብ አይደሉም። ሱቁ የሸጠላቸው ደግሞ የትል መድኃኒት ነው፣ ፓይረትሮይድ ከሚባለው ወገን። እሱ ማይቱን እምብዛም ሳይነካ ማይት የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ሌሎች አዳኞች ጠራርጎ ይገድላል። አጎቴ በሦስት ርጭት የገደሉት ዘበኞቹን ነው። በዚያ ላይ የመቂ ሙቀት አለ። 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል እስከ ወላድ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ አንዷ እናት በዕድሜዋ መቶ ያህል ትጥላለች። ወንድ ባታገኝ እንኳ ትወልዳለች፣ ሁሉም ወንድ ይሆኑባታል እንጂ። «ይቺስ ከኛ ሰፈር ሴት ትጠነክራለች» አሉ አጎቴ።

እኔም ብሆን መጀመሪያ ላይ ጥፋት አጥፍቻለሁ። እርሻው ላይ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ጥርት ያሉ መደቦች ላይ ማይት መውጣት ጀመረ፤ ያውም እኔ ባለፍኩበት ተራ ተራውን። ለካስ ጠዋት የምጀምረው ከተያዘው መደብ ነበር፤ ከዚያ በዚያው ጋዎን ንጹሑ ውስጥ እገባለሁ። ማይቱን በእጅጌዬ እያዞርኩ ሳከፋፍል ከርሜያለሁ። ከዚያ ወዲያ የታመመውን ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው የማየው።

አጎቴ «እናንተ ፈረንጅ እርሻ ምን ታደርጉ ነበር?» ሲሉኝ ፐርሲሚሊስን ነገርኳቸው። ብርቱካናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እግረ ረጅም ማይት ነው፤ የሚበላው ማይትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቺሊ በመጣ ኦርኪድ ተሳፍሮ ሳይታሰብ ጀርመን የገባ እንግዳ ነው፤ ዛሬ ግሪንሃውስ ባለበት ሁሉ ይሸጣል። በጠርሙስ ይመጣል፣ እኛም በማለዳ ማይቱ ባለበት ላይ እንደ በርበሬ ነስነስ እናደርገዋለን። ከሳምንት በኋላ ሞላላ እንቁላል ካየን ደስታ ነው፤ የጠላት ክብ ነው፣ የወዳጅ ሞላላ። አጎቴ ጓጉተው «አምጪልኝ እንጂ!» አሉ። ዋጋው ይቅርና፣ የቲማቲም ቅጠል የሚያጣብቅ ጸጉር ስላለው እግሩን ይይዘዋል፣ እንደ ጽጌረዳ አይመቸውም። ደረቅ አየርም አይወድም። ቅር አላቸው።

ስለዚህ በእጃችን ባለው ሠራን። የከፉትን ሁለት መስመሮች ነቅለን፣ ሳንጎትት፣ እዚያው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገብተን አቃጠልን። የቀሩትን አራት መስመሮች በውኃ ሞተሩ ቱቦ ከሥር ወደ ላይ፣ የቅጠሉን ጀርባ አጠብን፤ አቧራውም አብሮ ወረደ። መሐሉን አልነካነውም። ከሁለት ቀን በኋላ ማምሻውን በመስመሮቹ ላይ አባሜክቲን የሚባል የማይት መድኃኒት ረጨን፣ ፀሐይ ቶሎ ስለሚያበላሸው። የመርጫውን አፍ ወደ ላይ እንዲያዞሩ አጎቴን ማሳመን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጭምብል ማስለበስ ደግሞ ከዚያም በላይ። እንቁላሉ ስለማይሞት በሰባተኛው ቀን ደገምን፣ ግን በሌላ ወገን መድኃኒት፤ ማይት አንዱን ደጋግመው ከሰጡት ይለምደዋል። ከዚያ ለመልቀም መለያው ላይ የተጻፈውን ቀን ጠበቅን። አጎቴ ያን ሳምንት ገበያው ጥሩ ነበር እያሉ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል።

መሐሉ ተረፈ። ከዳር አራቱ መስመር ፍሬው ትንንሽ ሆኖ ወጣ፣ በርካሽ ሄደ።

ትናንት ማታ ደግሞ ደወሉ። ከቲማቲሙ ጎን ፎሶልያ ሊዘሩ ነው፤ የቲማቲሙ ግንድ ገና አልተነሳም። ማይት ከፎሶልያ አብልጦ የሚወደው ነገር የለም ብላቸው «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ጀመርሽ!» አሉኝ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ።