ሲሪየስን ፈልግ ሲባል በረንዳ ያሳየው ቴሌስኮፕ

የካቲት ላይ ነው። የምሠራበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ማታ ኮከብ የማሳየት ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። ቴሌስኮፑ አዲስ ነው፤ ሪሞት አለው፣ የኮከቡን ስም ስትመርጥለት ራሱ ዞሮ ያገኘዋል ተብሎ የተገዛ። የአይቲው ልጅ ከተማውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሞላ፣ ሲሪየስን መረጠ። ሞተሩ እያጉረመረመ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ቀድመው ያዩት ርዕሰ መምህሯ ናቸው።

"ይሄማ የተሰጣ ልብስ ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሲሪየስ በደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ቦግ ብሏል፤ ቴሌስኮፑ ግን ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ የጎረቤት ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አነጣጥሯል። አጥፍቶ አበራው፣ ያው በረንዳ። አንዱ ባልደረባችን "ተበላሽቶ ነው የመጣው" ብሎ ሻጩ ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ (እንዲህ ያለ ሰው የትም መሥሪያ ቤት አይጠፋም)።

ያዳኑን የላብራቶሪው ጋሼ ናቸው። ኮከቡን አዩ፣ ቱቦውን አዩ፣ በክንዳቸው ለካ ለካ አደረጉና "ልጄ፣ ሰዓቱን ስንት ብለህ ሞላኸው?" አሉ።

"ሁለት ሰዓት ነዋ ጋሼ።"

"በቃ፣ እሱ ከሌሊቱ ስምንት መስሎታል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የምድር ወገብን ወደ ላይ ብትለጥጠው የሰማይ ወገብ ይሆናል። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ክቡ ከአናታችን ትንሽ ወደ ደቡብ ብሎ ያልፋል፤ የኦሪዮን ቀበቶ ሦስቱ ኮከቦች እዚያው አጠገቡ ናቸው። አንድ ኮከብ ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት ዴክሊኔሽን ነው፣ በዲግሪ። ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ራይት አሴንሽን ግን በሰዓት ነው፣ ዙሪያውን 24። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለሚዞር 6 ሰዓት ማለት 90 ዲግሪ፣ ሩብ ዙር። 20:00 መሆን የነበረበት 2:00 ሲባል ስህተቱ 18 ሰዓት ነው፤ ክብ ላይ ግን 18 ሰዓት በአንድ በኩል ብትሄድ ወይም 6 ሰዓት በሌላው በኩል፣ የምትደርሰው አንድ ቦታ ነው። ጋሼ በክንዳቸው የለኩት ሩብ ዙር ነበር። ዕቃው ተበላሽቶ ቢሆን እንዲህ ልክክ ያለ ስህተት ከየት ይመጣል?

ልጁ ሰዓቱን እስኪያስተካክል ጋሼ መቆለፊያውን አላልተው ሲሪየስን በእጃቸው መሃል አስገቡ። ኤም 41 የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ራይት አሴንሽኑ ከሲሪየስ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ የራይት አሴንሽኑን አቅጣጫ ቆልፈው፣ ማንም ጌጥ እንጂ ሥራ አለው ብሎ ያላሰበውን የዴክሊኔሽን ቁጥር የተጻፈበትን ቀለበት እያዩ ከ16 ተኩል አለፍ ካለው ወደ 20 ተኩል አለፍ ወዳለው አዞሩ። ርዕሰ መምህሯ እንደገና አጎነበሱ፣ ከዚያ ሰልፉ ተረሳ፣ ቶሎ አልተነሡም።

በማግስቱ ሪሞቱ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጠፍን፦ ምሽት 2 ሰዓት 20:00፣ ምሽት 3 ሰዓት 21:00፣ እኩለ ሌሊት 00:00። ቀኑም በፈረንጅ እንደሚሞላና እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚቀየር ከሥሩ በቀይ ተጽፏል።