የባለሱቁ ደብተርና የእኔ ደብተር

ነገሩ የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ባሌ ማታ ራት ላይ «ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ብር የት ነው የሚገባው?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር፣ አላውቅም ማለት ደግሞ አልፈለግኩም፣ ስለዚህ ተቆጣሁ። በማግስቱ አፍሬ አንድ ደብተር ገዛሁና ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለአፍ የሚገዛ ነገር ሁሉ እንዲጻፍ ደነገግኩ። ልጆቹ ሱቅ ሲላኩ ይጽፋሉ። አማቴ ዓይናቸው ስለደከመ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ጎረቤት ቡና ሲጠሩ ይዘውት የሚሄዱት ቆሎ እንኳን አልቀረም።

አምስት ነን። የሁለታችን ደሞዝ ተደምሮ ወደ 31,000 ብር እጃችን ይገባል። የጥቅምት ምግብ ብቻ 19,340 ብር ሆኖ ቁጭ አለ። 62 በመቶ ማለት ነው። ባሌ አላመነም፣ ስልኩ ላይ እንደገና ደመረው፣ ያው ነው።

ትንሽ የተጽናናሁት ሌላውን ሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ኤርነስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ቤተሰብ ድሃ በሆነ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ይበልጣል ብሎ ጽፏል። ይሄን እናቴ ብትሰማ «ለዚህ ነው የተማረው?» ትል ነበር። አሜሪካኖች ሬስቶራንቱንም ጨምረው በአማካይ 11 በመቶ ገደማ ነው የሚያወጡት። እኛ አገር የዋጋ ግሽበት ሲሰላ ለምግብ የሚሰጠው ክብደት ከግማሽ ያልፋል። እና የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም፣ የአገር ነው።

ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ጤፍ ትልቁ ነው፣ የታወቀ። በወር 25 ኪሎ ሠርገኛ ከ10 ኪሎ በቆሎ ጋር አስፈጫለሁ። (በቆሎ አንቀላቅልም የምትሉ ካላችሁ እግዜር ይስጣችሁ፣ እኔ እንጀራዬ ሲቀመጥ ቢደርቅም እቀላቅላለሁ።) ዘይቱ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ከዶላር ጋር አብሮ የሚራመድ ዕቃ ሆኗል። ሽንኩርትና ቲማቲም ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ወርጄ ነው የምገዛው። ሄርማታ በአባ ጅፋር ዘመን የሐሙስ ገበያው ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር፣ ዛሬም ሐሙስ ሲሆን ከገጠር የመጣውን ቀጥታ ከባለቤቱ እጅ ታገኛላችሁ። በኦሮምኛ «ሜቃ?» (ስንት ነው?) ብሎ መጠየቅ ብቻውን ዋጋ ይቀንሳል እላለሁ፣ ባሌ አያምንም።

የገረመኝ ቡናው ነው። ጅማ ተቀምጦ ቡና ውድ ነው ማለት ለሌላ ከተማ ሰው ቀልድ ይመስላል። ግን የዓለም ገበያ እዚህም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አረቢካ በታሪኩ ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ አውጥቷል። ገበሬው አግኝቷል፣ ይገባዋል። እኛ ቤት ግን ቶናው ቀጥኗል፣ በረካው ደግሞ ለስሙ ነው። ደግነቱ ጅማ አጠገብ ማና ወረዳ የሚኖሩት የባሌ አጎት ኅዳር ላይ ጀንፈል ይልካሉ። ጓሮ ያለው አቮካዶም አለ። ደብተሩ ላይ ዜሮ ብር ብዬ ነበር የምጽፈው። መንግሥት የቤተሰብ ወጪ ሲያጠና ግን ሰው ከጓሮው የበላውንም በዋጋ አስልቶ እንደሚቆጥር ሳውቅ እኔም ገመትኩት። ያኔ 62ቱ ይባስ ወደ ላይ ሄደ። ተውኩት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ጥቅምት ሲያልቅ ወጪውን በዕቃ ዓይነት ሳይሆን በተገዛበት ቦታ ከፋፈልኩት። ከ19,340ው ውስጥ 5,870 ብሩ የሰፈራችን ሱቅ ገብቷል። «ሂድ የ20 ብር ስኳር አምጣ»፣ «የ30 ብር ዘይት»፣ «ሁለት ፍሬ ሽንኩርት»። አንድ ጊዜ በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ልከናል፣ ትንሹ ልጅ እግሩ ቀጠነ። ሲሶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ገንዘብ እንዲህ በብጥስጣሽ ነው የወጣው፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምማረረው በጤፍ ነበር።

ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ ሚዛን አላት። የ20 ብር ስኳር አምስት ጊዜ አስገዝቼ አንድ ላይ መዘንኩት፣ 640 ግራም። የዚያን ሰሞን ኪሎው 130 ብር ነበር፣ በዚህ ሂሳብ በ100 ብር 770 ግራም ገደማ ይደርሰኝ ነበር። እኔ ግን ኪሎውን በ156 ብር እየገዛሁ ነው። በርበሬውም ሻይ ቅጠሉም እንደዚያው ነው። ብር የሌለው ሰው በውድ ይገዛል ማለት ነው፣ ይሄ ነው ያናደደኝ።

ባለሱቁን አልወቅስም። የእሱም ደብተር አለ፣ የዱቤ። ወሩ 18 ሲሞላ እኛን የሚያሻግረን እሱ ነው፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ። ላስቲኩ ዋጋ አለው፣ ከጅማው መርካቶ ያመላለሰበት ባጃጅ ዋጋ አለው፣ ዱቤ በልቶ ሰፈር የለቀቀው ሰውዬ ዕዳም የሆነ ቦታ ላይ መግባቱ አይቀርም። ምናልባት የእኔ ስኳር ውስጥ።

«ታዲያ ለምን በብዛት አትገዙም?» ማለት ቀላል ነው። ደሞዝ ሲገባ የቤት ኪራይ ይቀድማል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ደግሞ የጅማን እርጥበት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዴ ጀግኜ 10 ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ፣ ግማሹ አቆጠቆጠ፣ የቀረው ሸተተ። በቆሎ በማዳበሪያ ሙሉ አስቀምጬ ለነቀዝ ቀልቤያለሁ።

የሠራልን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር መጋራት ነው። እቁብ እንደማለት፣ ግን ዕጣ የለውም። ከደሞዝ ማግስት አንድ ኩንታል ጤፍ ለአራት እንካፈላለን፣ 25 ኪሎ ይደርሰናል። ባለ 20 ሊትር ዘይት ለአራት፣ ስኳርም እንደዚሁ። ሚዛን ያላት ጎረቤቴ ዳኛ ናት። የመጀመሪያው ቀን ጤፉ ላይ «የእኔ አነሰ» «የአንቺ በዛ» ተባብለን ነበር፣ አሁን ማዳበሪያውን ባዶውን ጭምር እየመዘንን ተስማምተናል። ሽንኩርት አንጋራም፣ እሱ በየሐሙሱ።

ኅዳር ላይ የሱቁ ወጪ ወደ 3,150 ወረደ። ጾሙ 15 ላይ ሲገባ ሥጋና ወተቱም ቀረ፣ አማቴና እኔ እንጾማለን፣ ባሌ ደግሞ ቤት ያለውን ነው የሚበላው። ብሩ ተረፈ ብዬ በደስታ ልደምር ስቀመጥ ጠቅላላው 20,900 ሆነ። ለካ የዓመቱን በርበሬ የገዛነው በዚያው ወር ነው። ከነማስቀንጠሻው፣ ከነኮረሪማው፣ ከነማስፈጫው። ባሌ አይቶ ምንም አልተናገረም፣ ዝም ማለቱ ከመናገሩ ይብሳል።

በርበሬው ግን ለዓመት ነው፣ ለ12 ብናካፍለው ኅዳር ከጥቅምት በደንብ ይቀንሳል። ይሄን በእስክሪፕቶ ከሥሩ ጻፍኩለት።

ባለሱቁ ትናንት በር ላይ አገኘኝና «እህቴ ጠፋሽ፣ ምን አስቀየምንሽ?» አለኝ። ደነገጥኩ፣ የምለው ጠፋኝ፣ ሁለት ሳሙናና አንድ ክብሪት ገዛሁ። ሳሙና አይበላም ብዬ ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም።